ባሩድ የሚረጨው ያገለገለ ፕሬስ እንዴት እንደተስተካከለ

አሜሪካ ውስጥ ዒላማ ተኳሾች የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስበው መልሰው መሙላታቸው የተለመደ ነው። እኔም ለ9 ሚሊሜትር ጥይት የሚሆን ያገለገለ ፕሮግረሲቭ ፕሬስ፣ ማለትም ብዙ ቀለሃ በአንድ ጊዜ በየደረጃው የሚሞላ በእጅ የሚሠራ መሣሪያ ገዛሁ። እጀታው ወርዶ በተመለሰ ቁጥር ቀለሃዎቹን የያዘው ዲስክ አንድ ደረጃ ይዞራል። የእኔው ግን እየዘለለ ስለሚቆም ባሩድ ይረጭ ነበር። የ9 ሚሊሜትር ቀለሃ አጭር ነው፣ ትንሽ ንቅናቄ ይበቃዋል። ነገሩ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ባሩድ የጎደለው ጥይት አረሩን በርሜል ውስጥ ሊያስቀረው፣ ተከታዩ ጥይት ደግሞ መሣሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ባሩዱንና ፕራይመሩን (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ ክዳን) ከጠረጴዛው አርቄ ዲስኩን ፈታሁት። ሥሩ ጥላሸትና የፈሰሰ ባሩድ ተጋግሮበታል። ጥላሸቱ እርሳስ ስላለው ጓንት አድርጌ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ዋናው ጥፋተኛ ግን ዲስኩን በየደረጃው የምታቆመውን ትንሽ ኳስ የምትገፋው ስፕሪንግ ነበረች፤ በጣም ጠንካራ ነች። በለስላሳ ስቀይራት ዝላዩ ጠፋ።

የመሐሉን ብሎን ዲስኩ ሳይወዛወዝ፣ ግን በነፃ እንዲዞር አድርጎ ማጥበቅ፣ ከዚያ በጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በብሩጎላ መቆለፍ ያስፈልጋል። ትንሿ ካልተቆለፈች ትልቁ በሥራ መሐል እየላላ ይመጣል።

አልፎ አልፎ እጀታው አሁንም ይይዛል፤ እሱ የፕሬሱ ጥፋት አይደለም። የወታደር ቀለሃ ፕራይመሩ እንዳይወጣ የጉድጓዱ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ስለሚቀጠቀጥ አዲስ ፕራይመር በቀላሉ አያስገባም። እነዚያን ለይቼ ጠርዛቸውን ሳላሰፋ አልሞላም።