የእምነት መግለጫውን በዓመቱ ላይ ዘርግቶ ማጥናት

የሐዋርያትን የእምነት መግለጫ ብዙዎቻችን በቃላችን እንለዋለን። ችግሩ በአንድ ትንፋሽ ጨርሰነው ቁጭ እንላለን። እሁድ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ የምንለውን ነገር የቤተ ክርስቲያን ዓመት አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ይተርከዋል። ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ አጥኗቸው።

መግለጫውን ወረቀት ላይ መስመር በመስመር ጻፉት። «ከድንግል ማርያም ተወለደ» ከሚለው ጎን ገና፣ «ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተቀበረ» ጎን ስቅለት፣ «ተነሣ» ጎን ፋሲካ። ዕርገት በ40ኛው ቀን፣ «በመንፈስ ቅዱስ አምናለሁ» ደግሞ በ50ኛው ቀን፣ በጰራቅሊጦስ። እስከዚህ ቀላል ነው።

«በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ይመጣል» የሚለውን ግን የዓመቱ መጨረሻ ላይ ብቻ አትጻፉት፤ መጀመሪያውም ላይ ይግባ። ዓመቱ የሚጀምረው ከገና በፊት ባሉት አራት የአድቬንት እሁዶች ነው፣ አድቬንት ደግሞ የሕፃኑን ልደት ብቻ ሳይሆን የጌታን ዳግም መምጣትም ይጠብቃል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። «ተወለደ» ካለ በኋላ ወዲያው «በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን መከራ ተቀበለ» ይላል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ተዘለለ እኮ! ስብከቱም ተአምሩም የለም። ያንን የሚሞሉት ከኤጲፋኒያ (ከጌታ መገለጥ በዓል) በኋላ ያሉት ሳምንታትና ከጰራቅሊጦስ ቀጥሎ የሚመጣው ረጅሙ፣ የመሠዊያው ልብስ አረንጓዴ የሚሆንበት ወቅት ናቸው፤ ሰው «ምንም በዓል የሌለበት» እያለ የሚንቀው ወቅት ማለት ነው። እዚያ መስመር ላይ ሰፊ ቦታ ተዉና በየእሁዱ የተነበበውን ወንጌል ጻፉበት።

ለቤት ደግሞ የጀርመናዊውን የተሐድሶ መሪ የማርቲን ሉተርን መንገድ ተጠቀሙ። በጀርመን የሳክሶኒ ገጠር ሰዎች የእምነት መግለጫውን እንኳ እንደማያውቁ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የእምነት ማስተማሪያ) አወጣ፤ አባወራ ቤተሰቡን እንዲያስተምርበት። መግለጫውን በሦስት ከፈለው፦ ፍጥረት፣ ቤዛነት፣ ቅድስና። በየክፍሉ ጥያቄው ያው ነው፦ «ይህ ምን ማለት ነው?» ስለ ፍጥረት ሲመልስ ስለ ሰማይና ምድር አይተነትንም፤ እግዚአብሔር «እኔን» ፈጠረ ይልና ዓይንና ጆሮ፣ ልብስና ጫማ፣ ምግብና ቤት እያለ ይዘረዝራል። ስለዚህ ማዕድ ላይ ልጁን «እግዚአብሔር ምን ሰጠህ?» ብላችሁ ስትጠይቁት «ጫማ» ካለ አትሳቁበት፣ መልሱን አግኝቶታል። በአንድ ምሽት ከአንድ ክፍል በላይ አትሂዱ።

ከሐዋርያቱ ሌላ ሁለት የእምነት መግለጫዎች አሉ። የኒቂያው መግለጫ ከ325ቱና ከ381ዱ ጉባኤዎች የመጣ ስለሆነ የኦርቶዶክሱን ጸሎተ ሃይማኖት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የምዕራቡ ሉተራን ግን መንፈስ ቅዱስ ከአብ «ከወልድም» የወጣ ሲል ትሰማላችሁ። ይህ ምዕራቡ በኋላ የጨመረው ነው። በአትናቴዎስ ስም የሚጠራው ሦስተኛው መግለጫ ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በሥላሴ እሁድ ነው፣ ለልጆች በዚህ ባትጀምሩ ይሻላል።

ቀኑን በተመለከተ አንዱን አቆጣጠር ያዙ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አገር ቤት ገናን ታኅሣሥ 29 ስለምታከብር አድቬንቱን ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ሚኒሶታ ወይም ጀርመን ያላችሁ ከዲሴምበር 25። ፋሲካ አንዳንድ ዓመት ይገጥማል፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ሳምንት ይራራቃል፤ ሁለቱን ከቀላቀላችሁ ዕርገትና ስቅለት ይደበላለቁባችኋል። ዓመቱ መሃል ላይ ከሆናችሁም አድቬንትን አትጠብቁ። ያላችሁበትን ወቅት መስመር ፈልጉና ከዚያው ጀምሩ።