አሮጌ ኮምፒውተር ከቫይረስ ሲጸዳ የሚሠሩ ስህተቶች

ቤት ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ቫይረስ ሲገባበት መፍትሔው የተለመደ ነው። ኮምፒውተር የሚችል የሰፈር ልጅ ይጠራል፣ አንቲቫይረስ ይጫናል፣ እምቢ ካለ ፎርማት ይደረጋል። ለጥቂት ቀን ሰላም ይሆናል። ከዚያ ማስታወቂያው ተመልሶ ይመጣል፤ ፍላሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች እንደገና ሾርትከት ይሆናሉ። «ይሄ ቫይረስ አይለቅም» ይባላል።

ይለቃል። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን መደበቂያው ሳይነካ ስለቀረ ነው። እነዚህ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው የልጆች ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮና የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ያ ሁሉ በቫይረሱ ሳይሆን በጽዳቱ ችኮላ ሲጠፋ ማየት ያሳዝነኛል።

የተንቀራፈፈ ሁሉ ቫይረስ አለበት ብሎ መነሳት

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ምንም ሳትከፍቱ «ዲስክ» የሚለው 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ በተለይ ራሙ 4 ጊጋ ከሆነና የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ካለው፣ ችግሩ እርጅና ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 10 ለእንዲህ ያለ ማሽን ይከብዳል። ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ስካን አትጀምሩ። ሙሉ ስካን ዲስኩን ለሰዓታት ያለ እረፍት ያሠራዋል፤ ሊሞት የደረሰ ዲስክ በዚያው ሊቀር ይችላል። ፎቶና ሰነዱን አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ቫይረስ የሚያስጠረጥረው ሌላ ነው። አንቲቫይረሱ አልከፈት ሲል፣ የብሮውዘሩ መነሻ ገጽ ሳትነኩት ሲቀየር፣ ያልጫናችሁት ፕሮግራም ሲገኝ፣ ንጹሕ ፍላሽ ሰክታችሁ ስትነቅሉ ሾርትከት ሞልቶት ሲወጣ።

ሾርትከቱን «እስኪ ይከፈታል?» ብሎ መጫን

ፍላሽ ይዛችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ሲቪ አሳተማችሁ እንበል። ቤት መጥታችሁ ስትሰኩት ፎልደሮቹ በሙሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል። መጠናቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። እዚህ ላይ ሰው ይደነግጥና ፋይሉ መኖሩን ለማየት አንዱን ሁለቴ ይጫናል። ፎልደሩ ይከፈታል፤ ፎቶው ሁሉ አለ። «ተመስገን» ይባላል። ግን ያ ቀስት ያለው ነገር ፎልደር አይደለም፤ ትዕዛዝ ነው። ሲጫን መጀመሪያ ፍላሹ ውስጥ የተደበቀውን ቫይረስ ያስነሳል፤ ቀጥሎ እንዳትጠረጥሩ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። ኮምፒውተሩ የተያዘው ያኔ ነው።

ድሮ ይህም አያስፈልግም ነበር። ፍላሹ እንደተሰካ ቫይረሱ በራሱ ይነሳ ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ያንን አሠራር አስቀረው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታ በአፕዴት አስቀረው። ከዚያ ወዲህ የእኛ ጣት ያስፈልገዋል። ሾርትከቱ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

ሌላው ጥፋት ተደናግጦ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ነው። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቋል። ዊንዶውስ 10 ላይ ፎልደር ከፍታችሁ «ቪው» ከሚለው ስር «ሂድን አይተምስ» ላይ ምልክት አድርጉ። እሱ ብቻውን አይበቃም። ቫይረሱ ፎልደሮቹን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው «ኦፕሽንስ» ገብታችሁ የሲስተም ፋይሎች እንዲደበቁ የሚያደርገውን ምልክት አንሱ። ዊንዶውስ ያስጠነቅቃል፤ እሺ በሉት። እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ሰብስቦ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚከታቸው እሱንም እዩ። ከዚያ ፎቶውንና ሰነዱን ብቻ ገልብጡ፤ ቀስት ያለውን ነገር አትንኩ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይጸዳል፣ ፍላሹ ቀጥሎ። በተያዘ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ማጽዳት ልፋት ነው፤ ወዲያው መልሶ ይይዘዋል። የቤቱ ፍላሽ በሙሉ፣ የስልክ ሚሞሪ ካርድም ሳይቀር፣ በአንድ ጊዜ ይጸዳ። መሳቢያ ውስጥ የተረሳች አንዷ ትበቃለች። ለወደፊቱ የሚታተመውን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ላኩ፤ የራሳችሁን አካውንት ግን እነሱ ኮምፒውተር ላይ አትክፈቱ።

ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ መጫን

ከክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ሰብሮ ከሚከፍት ነገር) ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ዘበኛውን አስተኝታችሁ በሩን ክፈቱልኝ እንደማለት ነው። ዊንዶውስንና ኦፊስን አክቲቬት ለማድረግ የሚወርዱት ትንንሽ ፕሮግራሞችም ያው ናቸው። ከውስጣቸው ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ እኛ ግን በእጃችን ሙሉ ፈቃድ እንሰጣቸዋለን።

አንቲቫይረስ መግዣ የለንም የሚለው ምክንያት ይገባኛል። ግን ዊንዶውስ 10 ዲፌንደር የሚባል ነጻ አንቲቫይረስ አብሮት አለ፤ ለቤት ይበቃል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለው ዲፌንደር ግን ስሙ እንጂ ሥራው አንድ አይደለም። እሱ የሚፈልገው ስፓይዌርን፣ ማለትም ሰላይ ፕሮግራምን፣ ነው፤ ቫይረስ አይነካም። በእሱ ተማምናችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ጥበቃ የላችሁም።

ሁለት አንቲቫይረስ መደረብም አይጠቅምም። አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ ጥቃት ያየዋል፤ ደካማው ኮምፒውተር በመሃል ስታክ ያደርጋል። ቋሚ አንድ ይኑር። ለማረጋገጫ ነጻውን ማልዌርባይትስ ወይም የማይክሮሶፍትን ሴፍቲ ስካነር አልፎ አልፎ ተጠቀሙ። ሴፍቲ ስካነር ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፤ ጓደኛችሁ ፍላሽ ላይ ያለው የዓምናው አይሠራም።

ቫይረሱ ነቅቶ ሳለ ማጽዳት

ቫይረሱ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ከተነሳ ስታጠፉት ራሱን መልሶ ይጽፋል። እሱ ሳይነሳ መቅደም ነው። አንቲቫይረሱን አፕዴት አድርጉና የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ዲፌንደር ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» ስር «ኦፍላይን ስካን» አለ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ሲነሳ ኤፍ 8ን ደጋግማችሁ ተጭናችሁ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት) ግቡና ከዚያ ስካን አድርጉ።

«ሲ»ን ብቻ ፎርማት ማስደረግ

ቫይረሱ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። አብዛኛው የቤት ኮምፒውተር «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ የተከፈለ ነው። ጥገና ቤት ሲወሰድ ፎርማት የሚደረገው «ሲ» ነው፤ «ዲ» እንዳለ ይቀመጣል። «ዲ» ላይ ደግሞ ሶፍትዌር የሚባል ፎልደር አለ፤ ባለፉት ዓመታት የተጠራቀመ ማጫኛ ሁሉ እዚያ ነው። ሳሊቲን የመሰሉ ቫይረሶች ራሳቸውን የሚጽፉት ፕሮግራም ፋይሎች ውስጥ ነው። ማጫኛዎቹ በሙሉ ተበክለው ይጠብቃሉ። ከፎርማት በኋላ ቪዲዮ ማጫወቻ ልጫን ተብሎ ከ«ዲ» አንዱ ሁለቴ ሲጫን ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከፎርማት በኋላ «ዲ»ን አትንኩ። መጀመሪያ ዊንዶውሱና ዲፌንደሩ አፕዴት ይደረጉ፣ ቀጥሎ «ዲ» ሙሉ ስካን ይደረግ። ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ይቆይ። የድሮ ማጫኛና ክራክ በሙሉ ይሰረዝ። ዳታ ቢያስወጣም የሚያስፈልጋችሁን ፕሮግራም ከባለቤቱ ድረ ገጽ አዲስ አውርዱ።

ፎርማት ከመደረጉ በፊት ደግሞ ከቴክኒሻኑ ጋር ቁጭ ብላችሁ «ሲ» ላይ ያለውን አሳዩት። «ዶክመንቴ ዲ ላይ ነው» የሚል ሰው ዴስክቶፑ ላይ የደረደረው ፎቶ «ሲ» ላይ መሆኑን ይረሳል። ማይ ዶኩመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ በቴሌግራም የወረደው ሁሉ ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው።

ከፎርማት በኋላ የድሮ የአማርኛ ጽሑፎቻችሁ የላቲን ፊደልና ምልክት ተዝረክርኮባቸው ቢከፈቱ አትደንግጡ። ቫይረስ አልበላቸውም። እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ እንዲያ ነው የሚታየው። ፎንቱን ስትመልሱ ጽሑፉም ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ የደከሙበትን ፋይል «ተበላሽቷል» ብለው የሚሰርዙ ሰዎች አሉ።

ብሮውዘሩን መርሳት

ጥግ ላይ እየዘለለ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተይዟል» የሚለው ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ገጽ «አላው» በሉ ሲል ብላችሁት ነው። ክሮም ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ያላቸውን ገጾች አስወግዱ። ኤክስቴንሽኖቹንም እዩ፤ የማታውቁትን አጥፉ። ማስታወቂያው ላይ ስልክ ቁጥር ካለ አትደውሉ።

ያረጀ ዊንዶውስ ላይ ደጋግሞ ማጽዳት

ዊንዶውስ 7 የደህንነት አፕዴት ማግኘት ያቆመው በጃንዋሪ 14፣ 2020 ነው። ዊንዶውስ 10ም በኦክቶበር 14፣ 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። በሜይ 2017 ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ሲያምስ የገባበት የዊንዶውስ ቀዳዳ የተደፈነው ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተያዙት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው፤ አብዛኞቹም ዊንዶውስ 7 ነበሩ። ኮምፒውተሩ ለመጻፍ፣ ፊልም ለማየትና ኢንተርኔት ለመግባት ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት ሞክሩለት። ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ቀለል ይላል፣ የዊንዶውስ ቫይረሶችም እንደልባቸው አይሠሩበትም።

ፓስወርድን እዚያው ኮምፒውተር ላይ መቀየር

ስፓይዌር የምትጽፉትን ፊደል ይመዘግባል። ሳይጸዳ ፓስወርድ ብትቀይሩ አዲሱን በእጃችሁ ሰጣችሁት። ከስልካችሁ ወይም ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ቀይሩ። ከኢሜይል ጀምሩ፣ የሌላው ሁሉ ፓስወርድ የሚታደሰው በእሱ ነውና። ቀጥሎ ባንክና ቴሌግራም። በየአካውንቱ ሌሎች መሣሪያዎችን በሙሉ አስወጡ፤ ሰላዩ ክፍት የሆነውን ሎግኢን ሰርቆ ከሆነ ፓስወርድ ሳያስፈልገው ሊቆይ ይችላል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ።

የሚሰልላችሁ ሰው ሲሆን ቸኩሎ መሰረዝ

ጋዜጠኛ ወይም የፖለቲካና የመብት ሥራ ላይ ያላችሁ ከሆናችሁ ነገሩ ይለያል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 እንዳሳወቀው፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የቪዲዮ ሊንክ ያለው ኢሜይል ይላክላቸው ነበር። ገጹ ሲከፈት «አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን አፕዴት ያድርጉ» ይላል። የሚወርደው ስፓይዌር ነው። አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን በ2020 መጨረሻ ዘግቶታል፤ ዛሬ ይህን የሚጠይቅ ገጽ ሁሉ ውሸታም ነው።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካላችሁ ፎርማት አታድርጉ፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ኢሜይሉንም አትሰርዙ። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላቁና አስቀምጡት። ለጋዜጠኞችና ለሲቪል ማኅበረሰብ በነጻ ከሚሠራው የአክሰስ ናው የእርዳታ መስመር ጋር በሌላ መሣሪያ ተገናኙ። ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አትክፈቱት።