የጃፓን የድሮ የቀረጥ ቴምብር እንዴት ይለያል?

የድሮ የጃፓን ቴምብር ስታገኙ የፖስታ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ጃፓን ከ1873 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በውልና በደረሰኝ ላይ የሚለጠፍ የቀረጥ ቴምብርም አትማለች። ጃፓኖች «ኢንሺ» ይሉታል። ቃሉ የሚጻፍባቸውን ሁለት የጃፓን ምልክቶች (印紙) ስልካችሁ ላይ አውጡና በአጉሊ መነጽር ከቴምብሩ ጋር አስተያዩ፤ የድሮ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራም ሊነበብ ስለሚችል አትደናገሩ።

ቀጥሎ ወረቀቱ። በወረንጦ ያዙትና ወደ ብርሃን አንሱት። እኔ ደብረ ብርሃን የጠዋት ፀሐይ መስኮቴ ላይ ስታርፍ ነው የማየው፣ እና በአንዱ ቴምብር ውስጥ ልክ እንደተባዘተ ጥጥ ረጃጅም ጭረቶች ተጋድመው ሳይ ደስታዬን አልችለውም፤ በእጅ የተሠራ የጃፓን ወረቀት ምልክት ነው።

ቀን ከተጻፈበት፣ ጃፓኖች በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስለሚቆጥሩ፣ በሜጂ (የዚያን ጊዜው ንጉሠ ነገሥት ዘመን) ዓመት ላይ 1867 ደምሩ፤ የአውሮፓውን ዓመት ታገኛላችሁ። ሜጂ 7 ማለት 1874 ነው። ቴምብሩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ በድሮው የጃፓን ገንዘብ ማንበብ ቀላል ነው፦ 10 ሪን 1 ሴን፣ 100 ሴን ደግሞ 1 የን ነበር።

ደብተር ላይ ዋጋውን፣ ቀለሙን፣ ወረቀቱን፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን የጠርዝ ቀዳዳዎች ብዛት፣ ማኅተሙንና ጉዳቱን መዝግቡ። በክረምት የኛ አገር ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ አልበሙን ከግድግዳ አርቁት። ሰነድ ላይ የተለጠፈውን ደግሞ በፍጹም አትላጡት፤ ቀኑና ማኅተሙ ያለው እዚያው ላይ ነው።