የኮሶ ቅጠል እንዳይጠቁር ያደረግኩት

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ሁለት ወር ሙሉ ያንገበገበኝ ነገር ይሄ ነው። ከጣርማበር በኩል ያመጣሁትን የኮሶ ቅጠል ካለስ (ቅርጽ ያልያዘ የሴል ጓል) እንዲያወጣ ቆርጬ ሚዲያ (ሴሉ የሚመገብበት የረጋ ምግብ) ላይ አስቀምጣለሁ። በማግስቱ ዳሩ ቡናማ ይሆናል። በ3ኛው ቀን ዙሪያው ያለው አጋር (ሚዲያውን የሚያረጋው ጄሊ) የጠላ መልክ ይይዛል። ከዚያ ቅጠሉ ይሞታል።

ሻጋታ መስሎኝ ቅጠሉን የማጸዳበትን በረኪና አጠነከርኩ። ባሰበት። ለካ ችግሩ ከራሱ ከኮሶው ነው። ፌኖል የተባለ የእፅዋት ኬሚካል የበዛበት ዛፍ ነው። ሲቆረጥ ፌኖሉ ከኦክሲጅን ጋር ይገናኝና ይጠቁራል፣ ልክ እንደተላጠ ድንች። የጠቆረው ነገር ደግሞ ሴሉን መልሶ ይመርዘዋል።

ሚዲያው ውስጥ አክቲቬትድ ቻርኮል (ኬሚካል እንዲመጥ የተዘጋጀ ከሰል) ሞከርኩ። ቡናማው ጠፋ፣ ካለስ ግን የለም። ከሰሉ ፌኖሉን ብቻ ሳይሆን ካለስ እንዲወጣ የሚያደርገውን ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የተባለውን ሆርሞንም ይመጠዋል።

የሠራልኝ ይሄ ነው። ትልቁን ዛፍ ትቼ ከዘር ካበቀልኩት ችግኝ ለጋ ቅጠል ወሰድኩ። በሊትር 100 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ በጥብጬ፣ ቅጠሉን እዚያው ውስጥ እንደተነከረ ቆረጥኩት። ቫይታሚኑ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ሙቀት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ አይገባም፣ ሙቀት ያበላሸዋል፤ በማጣሪያ ነው የሚጸዳው። ከዚያ ጨለማ ቦታ አስቀምጬ በየ3 ቀኑ ወደ አዲስ ሚዲያ አዛወርኩት።

በ4ኛው ሳምንት ከዳሩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ፍርፍር የሚል ካለስ ብቅ አለ። ደስታዬን አልችለውም ነበር። ለኮሶ ትል የሚጠጣው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው፤ ዛፉ ደግሞ እየተመናመነ ነው። አሁን ካለሱ ኮሶቶክሲን (ትሉን የሚያጠቃው የአበባው ንጥረ ነገር) ይሥራ አይሥራ ለመመርመር ናሙናውን እያደረቅኩ ነው።