ያገለገለ ሴኮ ፋይቭ ከመግዛታችሁ በፊት

ጅማ ሄርማታ ገበያም ይሁን ሌላ ቦታ ያገለገለ ሴኮ ፋይቭ የእጅ ሰዓት ካያችሁ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ጎኑ ላይ ያለችውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ሳቧት። የሰከንዱ ቆጣሪ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ውስጡ ያለው ማሽን 4አር36 ወይም መንትያው ኤንኤች36 ሳይሆን አይቀርም። መሄዱን ከቀጠለ የድሮው 7ኤስ26 ይሆናል።

ከዚያ ገልብጡና የጀርባውን ኮድ አንብቡ። 7ኤስ26 ተብሎ ተጽፎ ሰከንዱ ከቆመ ማሽኑ ተቀይሯል። ይሄ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ አሮጌው ሲደክም አዲሱ ይገጠምለታል። ግን «ኦሪጅናል ነው፣ እጅ አልነካውም» ካሏችሁ ዋጋ ማስቀነሻ አገኛችሁ።

ሁለቱም ማሽኖች በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታሉ፣ ከሞሉ 40 ሰዓት ገደማ ይሄዳሉ። 4አር36 በማዞሪያው በእጅ ይሞላል። 7ኤስ26ን ግን ስታዞሩት ብትውሉ አይሞላም፣ ወዝወዝ ማድረግ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንዱን ደህና ሰዓት «ሞቷል» ብዬ ትቼው ሄጃለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀኑን ስታስተካክሉ ደግሞ አጭሩ ቆጣሪ ከ9 እስከ 4 መካከል ካለ አትንኩት፣ ጥርሱ ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ወደ 6 አውርዱት። ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር ለምትሞሉ፣ ቀኑ የሚቀየረው ጠዋት ወይም ማታ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ተበላሸ ብላችሁ ሰዓት ሰሪ ጋ እንዳትሮጡ።