ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት እንዴት እናንብበው?

ዋሽንግተን አካባቢ አዲስ የገባ ሰው፣ ቤተሰብ ሊያስመጣ ወይም ራሱ ሊሄድ ሲያስብ «በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይላል። መልሱ እንደ አቅጣጫው ይለያያል።

ርቀቱ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራሉ። በዚህ ሒሳብ 13 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ ስትሄዱ የሚፈጀውም ይኸው ነው። ከዚያ ወደዚህ ሲመጣ ግን 16 ወይም 17 ሰዓት ሊደርስ ይችላል።

አንዱ ምክንያት ንፋስ ነው። ላይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ ንፋስ ይነፍሳል። ሲሄድ ከኋላ ይገፋዋል፤ ሲመጣ ከፊት ይገጥመዋል። ሌላው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላን መንገደኛና ሻንጣ ጭኖ፣ ነዳጁንም ጢም አድርጎ ከዚያ መነሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። እናት አባታችሁ ብቻቸውን የሚመጡ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሲያርፍ «ደረስን» ብለው እንዳይነሱ።

ትኬቱ ላይ የሚጻፈው የመነሻም የመድረሻም ሰዓት የየከተማው ነው። ለምሳሌ በጥር ከአዲስ አበባ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 07:30 ዋሽንግተን ቢገባ፣ 9 ሰዓት የበረረ ይመስላል። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት በክረምት 8 ሰዓት ስለሆነ እሱን ደምሩበት፤ 17 ይሆናል። ስትሄዱ ደግሞ ቀንሱ። አሜሪካ ሰዓቱን ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ስለምትቀይር፣ በነዚያ ወራት ልዩነቱ 7 ነው። (ክረምት ስል የዚህን አገር ብርድ ማለቴ ነው።)

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ቀኑን ነው። እናቴ በሌላ ከተማ በኩል ስትመጣ ትኬቷ «ረቡዕ 00:40» ይል ነበር። በሀበሻ ሰዓት ሌሊት 6:40 መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ረቡዕ ማታ ሸኝቷት ቦሌ ወሰዳት። አውሮፕላኑ ግን የሄደው በዋዜማው ሌሊት ነበር። በዚያ ዕድሜዋ ሻንጣዋን ይዛ እያለቀሰች ወደ ቤት ተመለሰች። አዲስ ትኬት እስክንገዛላት እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም።

ስለዚህ ትኬቱን ብቻ አትላኩላቸው። ከሥሩ በአማርኛ ጻፉበት፦ «ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ተገኙ። ረቡዕ አይደለም።» ከዚያ ደውሉና ቀኑን በራሳቸው አንደበት ይንገሯችሁ።