«ቡናው ይግባና…» የሚሉ አባቶች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ 23 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የክፍል ኃላፊ ሆኜ። የአራት ልጆች አባትም ነኝ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው የካቲት የልጁን የውጤት ካርድ ሊወስድ የመጣ አንድ አባት ነው። ቡና ነጋዴ ነው፤ ትጉህና ታማኝ ሰው። ልጁ በአራት የትምህርት ዓይነቶች ወድቋል። «የአምስተኛ ሀ ተማሪ ነው» አለኝ። ልጁ ግን ስድስተኛ ክፍል ነበር።

ከስህተቶች ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው «ቡናው ይግባና እከታተላለሁ» የሚለው ነው። እስቲ ወራቱን አብረን እንቁጠር። ትምህርት መስከረም ላይ ይጀመራል። ጥቅምት ላይ ቡናው ይቀላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥን አባት በጎማ፣ በጌራና በሊሙ የቡና ወረዳዎች መንገድ ያሳልፋል። ከዚያ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው ያለው ቡና፣ ይደርቃል፣ ይቀሸራል፣ ዋጋ ይጠበቃል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተናም ጥር ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ቡናው እስኪገባ የሚጠብቅ አባት የዓመቱን ትምህርት ግማሽ ሳያየው ያልፋል ማለት ነው። ቡናው ከገባ በኋላስ? የካቲት ላይ ዕዳ ይከፈላል፣ መጋቢት ላይ ቤት ይታደሳል፣ ሚያዝያ ላይ ሠርግ አለ፤ ከዚያ የጅማ ዝናብ ይጀምራል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ መንገዱ ይበላሻል። ይህን ሰበብ ከነጋዴ ብቻ ሳይሆን ከሐኪምም፣ ከሾፌርም፣ ከባንክ ሠራተኛም ሰምቻለሁ። የባንክ ሠራተኛው «ሰኔ ይለፍና፣ በጀት ይዘጋና» ይላል። ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ያን አባት «ቀይ እሸት ለቅመህ ሦስት ቀን በጆንያ ብታስቀምጠው ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩት። «እንዴት ተደርጎ! በዕለቱ መፈልፈያ ካልደረሰ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ ቢያጥቡት፣ ቢያደርቁት ጣዕሙ አይመለስም» አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ልጁ አጠገባችን ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያያል። አባትየው ወደ ልጁ ዞር አለና ንግግሩን አቆመ። እኔም ምንም አልጨመርኩም።

በቡናው ወቅት መካከል ለልጆችዎ ሦስት ሰዓት ይስጡ አልልም። ከአጋሮ እስከ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሳምንት ሁለት ምሽት ቤት ማደር ይቻላል። በሌሎቹ ምሽቶች ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ስልክ ይደውሉ። ሰዓቱ ከተለዋወጠ ልጅ መጠበቁን ይተዋል።

«ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ መጠየቅም ሌላ ስህተት ነው። ልጁ 3ኛ ሲወጣ የሚሞገስ፣ 12ኛ ሲወጣ የሚኮረፍ ከሆነ፣ ካርዱን መደበቅ ይማራል። የወላጅን ፊርማ አስመስለው የፈረሙ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም፤ ሁሉም ፈሪዎች ነበሩ። ደብተሩን ገልጠው «ይህን እንዴት ሠራኸው?» ይበሉት። ትምህርቱን ባያውቁትም ልጁ ያስረዳዎታል፤ ሲያስረዳም ይገባዋል።

«ቆይ አባትህ ይምጣ!» የሚባልበት ቤት ውስጥ አባት ዳኛና ገራፊ ሆኖ ይቀራል። ማታ በሩ ሲንኳኳ ልጆቹ ወደ ጓዳ የሚሮጡ ከሆነ ጥፋቱን በእናታቸው ላይ አይጣሉ። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትጋፈጥ የቀራት ማስፈራሪያ እሱ ነው። ይህን ከባለቤትዎ ጋር ልጆች በሌሉበት ይነጋገሩበት፤ የሚቀጣም የሚመክርም ነገሩ ሲፈጸም ያየው ይሁን።

ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው «ጊዜ የለኝም» ሲለኝ አልቀበለውም።

ስለ አራስ ቤትም ላንሳ። ብዙ አባቶች ሕፃኑ አፉን እስኪፈታ ድረስ የሴቶች ጉዳይ ይመስላቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት ከሙሉ ደመወዝ ጋር የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ትንሽ ነው። ያንኑም እንግዳ በመቀበልና ለስላሳ በማመላለስ የሚጨርሱት አሉ። እባክዎ በእነዚያ ቀናት ሌሊት ሕፃኑን ታቅፈው ያስተኙ፤ እናትዮዋ ትተኛ።

ራስን ማሻሻል የሚሹትን አባቶች እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን መስከረም 1 ቀን ሁሉን በአንዴ ይጀምራሉ። ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት፣ መሮጥ፣ በቀን 30 ገጽ ማንበብ፣ ቋንቋ መማር። ለመስቀል አንዱም አይተርፍም። አንዱን ብቻ ይያዙ፤ ቢቻል ልጅዎ አብሮዎት ሊሠራው የሚችለውን። አንድ ጎረቤቴ እሑድ ጠዋት አንድ ልጁን ብቻ ይዞ በእግሩ ወደ ጅሬን ኮረብታ ይወጣል፤ በየሳምንቱ ተራ አላቸው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሲያዩ ልጁ «ከእንጨት ተሠርቶ እንዴት እስካሁን ቆመ?» ብሎ ጠየቀው። መልሱን ስላላወቀ እኔ ዘንድ መጣ፤ እኔም አላወቅሁም፤ ሦስታችንም አናጢ ፍለጋ ሄድን። ጎረቤቴ ቦርጩም ቀነሰ፣ ንባብም ጀመረ።

አሁን የራሴን ልናገር። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ቅዳሜና እሑድ በሚሰጥ ትምህርት ነው። ሁለት ዓመት ፈጀ። ለልጆቼ ብዬ እንደምማር ለሁሉም እናገር ነበር፤ አምኜበትም ነበር። ትልቋ ልጄ ያኔ 9 ዓመቷ ነው። ስጀምር የግቢውን በር የምትከፍትልኝ እሷ ነበረች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ማታ ስገባ ወለል ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና «አምጪ ልየው» አልኳት። ደብተሩን አጥፋ በእኔ ፊት አሳልፋ ለእናቷ ሰጠቻት። «እማዬ ታየዋለች፤ አንተ ደክሞሃል» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ከልቧ አዝናልኝ ነው። ያ አነጋገር እስካሁን ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው። የምንኖረው ጅማ ነው፤ ቤታችን ውስጥ በየማታው ቡና ይፈላል። እኔ ግን አቦሉን ጠጥቼ ወደ ጥናቴ እነሳ ነበር። እስከ በረካ መቀመጥ ጀመርኩ። ስልኬን ሬዲዮው ላይ አስቀምጣለሁ። ጥያቄ አላበዛም፤ ልጅ ፊት ለፊት ሲጠይቁት ይዘጋል፤ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ግን ራሱ ይናገራል። ትንሹ ከሰሉን ሲያራግብ የክፍሉን ጠብ ሁሉ ይነግረናል፤ ብዙ ጊዜ ቶናው ሲቀዳ ነው ወሬው የሚመጣው። ይህ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ትምህርቴንም በሰዓቱ ጨርሻለሁ።

ልጄ ግን ቶሎ አልተመለሰችም። ሲኒ ታቀርባለች፣ ቁርስ ታዞራለች፤ ስለ ትምህርት ግን የምታወራው ከእናቷ ጋር ነው። አንዳንድ አባት እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይነሳል፤ ወይም ስጦታ ገዝቶ ሊያፋጥነው ይሞክራል። እኔም ቦርሳ ገዝቼላት ነበር፤ አመስግና ተቀበለችኝ እንጂ የተለወጠ ነገር አልነበረም። አምስት ወር ሲሆን፣ በረካው ተቀድቶ ሳለ፣ የሒሳብ ፈተናዋን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። «መምህሯ ወላጅ ይፈርም ብላለች» አለች። ከ20 የተሰጣት 11 ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ልክ ጀምራ መሃል ላይ እንደተሳሳተች አይቼ «እዚህ ድረስ ትክክል ነሽ» አልኳትና ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ተቀመጠች፤ ሰባተኛውን ጥያቄ እንደገና መሥራት ጀመረች።